ጋሽ ጉዮ እና አልነሳ ያለው ማሽን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጎረቤቶቼ አንድ ጥያቄ ይዘውብኛል። «ለመሆኑ ያን ሁሉ ዘመን ስትሠሪ የኖርሽው ምንድን ነው?» ይሉኛል። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ስወጣ ያዩኝ ሰዎች ናቸው እንግዲህ። አንዷ ባንክ የምሠራ ይመስላት ነበር። ሌላዋ ነርስ ናት ብላ የልጇን ሳል ታሳየኝ ነበር፤ እኔም ሞኝ አይደለሁ፣ ማርና ዝንጅብል አዝዝላት ነበር። እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ፦ የኔ ሥራ አልነሳም ያለ ኮምፒዩተር ማስነሳት ነበር። ሌላም ሠርቻለሁ፤ ገመድ ዘርግቻለሁ፣ ጣራ ላይ ወጥቻለሁ፣ ፕሪንተር ውስጥ ገብታ የደረቀች እንሽላሊት በወረንጦ አውጥቻለሁ። ዕድሜዬን የበላው ግን ያ ተኝቶ የሚቀረው ማሽን ነው።

ዘይነባ እባላለሁ። ነገሌ ቦረና ተወልጄ ያደግሁ የጉራጌ ነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ገበያው ዳር ሱቅ ነበረው። ቤት ውስጥ ጉራግኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ሱቅ ላይ ኦሮምኛ እየተናገርን አደግን፤ ስንቆጣ ሦስቱንም እናደባልቃለን። መንግሥት የተለወጠ ጊዜ ገና ወጣት ነበርኩ። ታይፕ ተምሬ ስለነበር አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ አድርጎ ቀጠረኝ። ደመወዙ ጫማ ይገዛል፣ ከጫማው ጋር የሚሄድ ልብስ ግን አይገዛም፤ ስለ ደመወዝ ይህን ካልኩ ይበቃል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ለመሥሪያ ቤቱ አንድ ኮምፒዩተር መጣ። ኃላፊያችን ጥልፍ ጨርቅ አለበሰውና ቢሮው ውስጥ ቆለፈበት። እንግዳ ሲመጣ ጨርቁ ይነሳል፣ እንግዳው አይቶ ያደንቃል፣ ጨርቁ ይመለሳል። ጨርቁን የማነሳው እኔ ስለነበርኩ ስሜ በከተማው «ኮምፒዩተር የምትችል» ተብሎ ወጣ። በዚሁ ስም ያቤሎ ያለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሰው ይፈልጋል ሲባል ሄጄ ተወዳደርኩ። አላህ ሲሰጥ እንዲህ ነው፣ አለፍኩ።

ያቤሎ ጋሽ ጉዮን አገኘሁ።

ጋሽ ጉዮ የድርጅቱ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ክፍሉም እሳቸው ነበሩ። የሊበን ቦረና ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሳቸው ለሣቅ የሚቸኩል፣ አማርኛቸው ውስጥ ኦሮምኛ እንደ ልቡ የሚገባ የሚወጣ ሰው። ለረጅም ዘመን የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩና ጆሯቸው የተለየ ነበር፤ ሃርድ ዲስክ ላይ የእርሳስ ጫፍ አስደግፈው ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጡ ነበር። በየቢሮው ሲጠሩ ባለ ሦስት እግር በርጩማቸውን ይዘው ይሄዳሉ። የሚሽከረከር ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሐሳቡም ይሽከረከራል የሚል እምነት ነበራቸው።

ሥራ የጀመርኩ ቀን የሒሳብ ክፍሉ ማሽን አልነሳም ብሎ ግርግር ሆነ። አንዱ ገመዱን ይነቅላል፣ ሌላው ቁልፉን ይደበድባል። ጋሽ ጉዮ ገቡ፤ በርጩማቸውን አስቀመጡ፤ እጃቸውን ታጥበው መጡና ከፍየል ጠጉር በተሠራች ብሩሽ የማሽኑን አቧራ ጠረጉ። ከዚያ ማሽኑን ሰላም ይሉት ጀመር። ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። ማንም ግን አብሮኝ አልሣቀም።

የቦረናን ሰላምታ ለማያውቅ ልንገረው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ በቀጥታ ወደ ጉዳይ አይገባም። ናጋ? ናጋ። ልጆች ናጋ ናቸው? ናጋ። ከብቱስ? ሣሩስ? ውሃውስ? ሁሉም ናጋ፣ ሁሉም ሰላም። ትናንት ላሙ ገደል ገብታበት የሚሄድ ሰው እንኳ መጀመሪያ ናጋ ይልሃል፤ ክፉውን የሚነግርህ ሰላምታው በወጉ ካለቀ በኋላ ነው። የባሕሉ እንግዳ የሆነ ሰው መሀል ላይ «ተመስገን፣ ደህና ናቸው» ብሎ ይሄዳል። ዋናውን ሳይሰማ ሄደ ማለት ነው።

ጋሽ ጉዮ ማሽንን የሚጠይቁት በዚሁ ወግ ነበር። ኤሌክትሪኩ ናጋ? ማራገቢያው? ሚሞሪው? ዲስኩ? እያንዳንዱን ዓይተው፣ ሰምተው፣ ነክተው «ናጋ» ካላሰኙ ወደሚቀጥለው አያልፉም። ቀጥሎ ቡት ሎደሩ ይጠየቃል፤ እሱ ማሽን ሲከፈት መጀመሪያ የሚነቃው ትንሹ ፕሮግራም ነው፤ ሥራው ከርነሉን ፈልጎ መቀስቀስ ነው። ከርነሉ ደግሞ የቤቱ አባወራ ነው፤ ተነስቶ ዲስኩ ላይ ያለውን ቤቱን ይከፍትና ሁሉን ወደ ሥራው ያሰማራል። ከእነዚህ አንዱ መንገድ ላይ ከቀረ ማሽኑ ተኛ ማለት ነው።

«ማሽንም ቦረና ነው፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ የዚያን ቀን፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «መጀመሪያ ናጋ ይልሻል። ሰላምታውን ሳትጨርሺ ከተነሳሽ ክፉውን ሳትሰሚ ቀረሽ።»

ሌላም ሕግ ነበራቸው፤ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ አይነካም። አንድ ትለውጫለሽ፣ ታስነሺዋለሽ፣ ታያለሽ። እኔ ችኩል ነኝ፤ የነጋዴ ልጅ አይደለሁ፣ ሦስት ደንበኛ ባንዴ ማስተናገድ ለምጃለሁ። እጄን ስንት ጊዜ በብሩሿ እጀታ መትተውኛል መሰላችሁ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውንም ጮክ ብዬ እንዳነብ ያዝዙኝ ነበር። ዓይን ይዘላል፣ አፍ ግን አይዘልም ይላሉ።

ሊኑክስ፣ ማለት ቫይረስ እምብዛም የማይደፍረው የኮምፒዩተር ማንቀሳቀሻ ሥርዓት፣ የመጣልን በቫይረስ ምክንያት ነው። ከመስክ የሚመለስ ሁሉ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ፍላሹ ከከብት ገበያ እስከ ሞያሌ በየኢንተርኔት ቤቱ ዞሮ የለቀመውን በሽታ ይዞ ይገባል። አንድ የሞያሌ ወዳጃቸው ከኬንያ በኩል የሊኑክስ ሲዲ አምጥቶላቸው ጋሽ ጉዮ መጀመሪያ ሰርቨሩን፣ ቀጥሎ አንድ ባንድ ሁሉንም ቀየሩት። የቢሮው ኃላፊ ተቆጡ። ስንጠይቅ ስንጠያይቅ ቁጣው ስለ ካርታ ጨዋታቸው ሆኖ ተገኘ። ሊኑክስም ካርታ እንዳለው ሳሳያቸው ጉዳዩ ተዘጋ።

ያኔ ያሉን ማሽኖች አሮጌዎች ስለነበሩ ከርነሉን በልካቸው ራሳችን እንሠራው ነበር። ከርነል ስትሠራ ረጅም የጥያቄ መዓት ይመጣል። ይህ ዲስክ ይታወቅ? ይህ የኔትወርክ ካርድ ይታወቅ? ለእያንዳንዱ መልሱ ሦስት ነው፦ አብሮ ይሠራ፣ ለብቻው ሞጁል ሆኖ ዲስክ ላይ ይቀመጥና ሲፈለግ ይጠራ፣ ወይም ይቅር። እኔ ሁሉንም «ሞጁል» እያልኩ መለስኩ፤ ቀላል ይሆናል ብዬ ነው። ተሠርቶ ሲያልቅ ማሽኑ ተነስቶ ትንሽ ሄደና ድርቅ አለ። ጋሽ ጉዮ የመለስኩትን አይተው ሣቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

የቦረና ከብት ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ የምትታለበው ላም ዋራ ትባላለች፣ መንደር አጠገብ ትውላለች። ያልወለደችውና በሬው ፎራ ናቸው፤ ሩቅ ሣር ወዳለበት ይነዳሉ፣ ሲፈለጉ ይጠራሉ። «አንቺ የምትታለበዋን ላም ፎራ ሰደሻት» አሉኝ። ዲስኩን የሚያውቀው ክፍል ራሱ ዲስኩ ላይ ተቀምጧል፤ ዲስኩን ሳያውቁ ደግሞ ወደዚያ መድረስ አይቻልም። ከዚያ ወዲህ ከርነል በሠራሁ ቁጥር የምጠይቀው ጥያቄ ይኸው ሆነ፤ ማን ዋራ ይቅር፣ ማን ፎራ ይሂድ።

ሁሉም ግን በሣቅ አላለፈም። ተልተሌ ላይ የሆነውን ሳልነግራችሁ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ።

ተልተሌ ውስጥ መምህር አስፋው የሚባሉ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበሩ። ወላጆቻቸው ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን ቆላውን ወደውት እዚያው ቀሩ። ሽማግሌዎች እያስከተሉ የየሣሩንና የየዛፉን ስም፣ የትኛው ለየትኛው ከብት እንደሚሆን፣ የትኛው እንደሚያስወርድ፣ ለዓመታት ሰብስበው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ባለ አሮጌ ኮምፒዩተር ጽፈውታል። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። እኛ ለውሃ ሥራ ተልተሌ ሄደን ሳለ ሰዎች መጥተው ማሽኑ አልነሳም አለ አሉን። ሄድን። በርጩማው ተቀመጠ፣ እጅ ታጠበ፣ ሰላምታው ተጀመረ። ዲስኩ ጋ ሲደርስ ጋሽ ጉዮ በእርሳሳቸው አዳመጡና ፊታቸው ተለወጠ። ልክ አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ይል ነበር።

ማሽኑ ቤቱ እንደተበላሸ ተናገረ፤ የጥገናውን ትዕዛዝ እንድንሰጠውም ጠየቀ። ያኔ ሁለታችንም ይህን ትዕዛዝ ብዙ ጊዜ ሰጥተን ብዙ ማሽን አድነንበታል። መምህር አስፋው ከበላያችን ቆመው መሀረባቸውን በእጃቸው ይጠመዝዛሉ። ጋሽ ጉዮ ትዕዛዙን ሰጡ። ጥገናው ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያስሮጠዋል፤ ሊሞት የቀረበ ዲስክ ደግሞ ሩጫ አይችልም። መጀመሪያ የሚነበበውን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ነበረበት፤ ይህን ያወቅነው ድምፁ ቀጥ ካለ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ዲስኩ ለማንም አልመለሰም። አዲስ አበባ ድረስ ላክነው፣ እንዳለ ተመለሰ።

ጋሽ ጉዮ ዲስኩ ነው፣ ሙቀቱ ነው፣ አቧራው ነው ማለት ይችሉ ነበር፤ ሁሉም እውነት ነበር። እሳቸው ግን መምህር አስፋውን ግቢው ውስጥ ካለች የግራር ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ይዘው፣ መርዶ እንደሚነገር አድርገው ነገሯቸው። «እስትንፋስ ነበረው። ያስሮጥኩት እኔ ነኝ» አሏቸው። መምህር አስፋው ሽማግሌዎቹ ግማሹ አሁን የሉም አሉ እንጂ አልተቆጡም። ወደ ያቤሎ ስንመለስ ጋሽ ጉዮ የሞተውን ዲስክ ጭናቸው ላይ ይዘው ሄዱ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ጉዮ ለጥገና ትዕዛዝ ሲቸኩሉ አላየሁም፤ እኔም አልቸኩልም።

ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ጋሽ ጉዮ ጡረታ ወጡና ሊበን፣ ከብታቸው ወዳለበት ገቡ። እኔን አንድ የቆላ ከተማ ሆስፒታል ወሰደኝ፤ ስሙን አልጠራም፣ ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው። ሆስፒታሉ የራጅ ማሽን ነበረው፤ ራጁን የሚያዝዘው ኮምፒዩተር በሊኑክስ ነው የሚሠራው። ባለሙያው ሁሴን ይባላል። ገና ሲያዩት ደግ እንደሆነ የሚታወቅ፣ ግን ነገር ሁሉ የሚያስደነግጠው ሰው ነው።

በኛ ከተሞች አንድ ሃይማኖት አለ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ያምንበታል። የሚሠራን ማሽን ማጥፋት ክልክል ነው። መብራት እንደፈለገው በሚሄድበት በሚመጣበት አገር የሚሠራን ነገር አጥፍቶ እንደገና ይነሳልኛል ብሎ ማመን ድፍረት ነው። ሁሴን የዚህ ሃይማኖት ቄስ ነበር። የራጁን ኮምፒዩተር በባትሪና በጄኔሬተር እየደገፈ ወራት ሙሉ ሳያጠፋው ኖረ። በመሀል ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ መጥቶ አዲስ ከርነል ጭኖ «አጥፍታችሁ አስነሱት» ብሎ ሄደ። ሁሴን እሺ አለው፣ አላጠፋውም። እኔም ብሆን አጥፋው አላልኩትም፤ እዚያው ሃይማኖት ውስጥ ነኝ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መብራት ሄደ፣ ባትሪው ደከመ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ማሽኑ ጠፋ። መብራት ሲመለስ አልነሳም አለ። ሁሴን ከንፈሩ ደርቆ ቢሮዬ መጣ። አብሬው ስወጣ አንድ ፒክአፕ ግቢው ውስጥ ገባ፤ ከኋላ ፍራሽ ላይ ጋሽ ጉዮ ተኝተዋል።

ከገበያ ሲመለሱ የአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሲወርዱ እግራቸው አዳልጧቸው በጎናቸው ወደቁ። ልጃቸው አብሯቸው ነው። ጋሽዬን እንዲያ ተዘርግተው ሳያቸው ወደ ፒክአፑ ሮጥኩ። እሳቸው ግን «ኢንተላ ኮ፣ ወፈርሽ» አሉኝ።

ዶክተር ሰላማዊት የምትባል ወጣት ሐኪም ነበረችን፤ ጎበዝ፣ ትዕግሥተኛ። ጎናቸውን በጥንቃቄ እየዳሰሰች ያማል ወይ ብላ ትጠይቃቸዋለች። ናጋ ነው ይሏታል። ሆድዎስ? ናጋ። ያዞርዎታል? ናጋ። ዶክተሯ ወደኔ ዞራ ሕመሙ ያን ያህል አይመስልም ልትል ስትል እጇን ያዝኩና፣ ገና ሰላምታ ላይ ናቸው፣ መልስ አልሰጡሽም አልኳት። እሷም ገባትና ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔ በኦሮምኛ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ልጆች? ናጋ። ከብቱ? ናጋ። ኤላው፣ ማለት የውሃ ጉድጓዱ? ናጋ። ዝናቡ? ናጋ። የሚጠየቅ ሁሉ አለቀ።

«ፈራሁ» አሉኝ ያኔ ጋሽ ጉዮ። «ብሽሽቴ እንደ እሳት ነው። ሰማዩ ይዞርብኛል።»

ይህን ሰው ፈራሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር። ዶክተር ሰላማዊት ወደ ጥግ ወስዳ ነገሩን አስረዳችኝ። የጭናቸው አጥንት አንገት ብቻ ተሰብሮ ከሆነ ዛሬውኑ በአምቡላንስ ሐዋሳ ሄደው ይታከማሉ። የዳሌያቸው አጥንት ከሆነ ግን ውስጥ ለውስጥ እየደሙ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ መንገድ ቢንገላቱ ሳይደርሱ ይሞታሉ። መጀመሪያ ዳሌያቸው ታስሮ፣ ደም ተፈልጎላቸው፣ እዚሁ መቆየት አለባቸው። እዚህ መቆየቱም ሳያስፈልግ ከሆነ ጉዳት አለው። የቱ እንደሆነ የሚነግራት ራጁ ብቻ ነው። «ማሽኑን አስነሺልኝ፣ እትዬ ዘይነባ» አለችኝ።

ጋሽዬን አልጋቸው ላይ እንደተኙ ከራጅ ክፍሉ በር ፊት ለፊት አቆሟቸው። በሩን ክፍት ተውኩት። እጄን ታጠብኩ።

ኤሌክትሪኩ ናጋ። ማራገቢያው ናጋ። ሚሞሪው ናጋ። ዲስኩን በእርሳስ አዳመጥኩት፤ ንጹሕ ድምፅ ነው፣ ናጋ። ማሽኑን ከፈትኩት፤ የአምራቹ ምልክት ብቅ አለ፣ አንዲት ክብ ነገር ዞረች ዞረችና ስክሪኑ ጨለመ። ምንም አይናገርም። እንደገና አጥፍቼ ስከፍት የሺፍት ቁልፏን ተጭኜ ያዝኩ፤ የቡት ሎደሩ ምርጫዎች መጡ። ከርነሉ የሚጠራበትን መስመር ከፍቼ ሳየው ጫፉ ላይ «ኳየት» የምትል ቃል አለች። ለከርነሉ ዝም ብለህ ተነስ የምትል ቃል ናት፤ እሷ ካለች ምን እንዳመመው አይናገርም። አጠፋኋትና አስነሳሁት። አሁን ጽሑፉ ጎረፈ። መጨረሻው ላይ ቆመ፣ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ቤቴን አጣሁ ብሎ ትዕዛዝ መጠበቂያው ላይ ተቀመጠ።

ሁሴን ከማሽኑ ጋር የመጣውን መመሪያ አገላብጦ፣ እንዲህ ሲል የጥገናውን ትዕዛዝ ስጡት ይላል አለኝ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። ተልተሌ ትዝ አለችኝ፣ የመምህር አስፋው መሀረብ። እጄን አነሳሁና ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ጉዮ ከውጭ።

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ቤቴ የመጀመሪያው ዲስክ ላይ ነበር፣ የለም ይላል።

«መጀመሪያ የተቀመጠው ማነው?»

ይህ ጥያቄ አልመጣልኝም ነበር። ማሽኑ ዲስኮቹን በተቀመጡበት ተራ ነበር የሚጠራቸው፤ የመጀመሪያው፣ ሁለተኛው እያለ። ዝርዝራቸውን አወጣሁት። የማሽኑ የራሱ ዲስክ ትንሽ ነው፤ መጀመሪያ የተቀመጠው ግን ትልቅ፣ የማላውቀው ዲስክ ነው። ጎንበስ ብዬ ከማሽኑ ጀርባ አየሁ። አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ በፕላስተር ተለጥፎ፣ ገመዱ ተሰክቷል።

ሁሴን ግንባሩን ያዘ። የበሽተኞች ፎቶ እንዳይጠፋ ብሎ ከደመወዙ ገዝቶ ያሰረው እሱ ነው። ያሰረው ማሽኑ እየሠራ ነበርና ያኔ ምንም አልሆነም፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ማሽኑ ጠፍቶ አያውቅም። ዛሬ ሲነሳ ግን አዲሱ ዲስክ ፊት ተቀምጧል፤ ማሽኑም ቤቱን እሱ ውስጥ ይፈልጋል። ጥገናውን አዝዤ ቢሆን የምነካካው የሁሴንን ፎቶዎች ነበር። ለጋሽዬ ነገርኳቸው። እያመማቸው ሣቁ። እንግዳን ፊት ማስቀመጥ ያባት ወግ ነው፣ ግን ቤቱን እንግዳ ኪስ ውስጥ የሚፈልግ ሰው አላየሁም አሉ።

ገመዱን ብቻ ነቀልኩ፤ ሌላ ምንም አልነካሁም። አስነሳሁት። ተነሳ! የራጁ ፕሮግራም ተከፈተ፣ ሁሴን አልሐምዱሊላህ ብሎ ሳይጨርስ ቀይ ጽሑፍ መጣ። ፎቶውን የሚቀበለው ካርድ የለም ይላል።

ከኋላዬ ዶክተር ሰላማዊት የጋሽዬ የደም ግፊት ትንሽ እየወረደ ነው አለች። ድምጿ ረጋ ያለ ነበር፣ እኔን ላለማስደንገጥ መሆኑ ገባኝ። ካርዱን ነካሁት፣ ቦታው ላይ ነው። ትናንት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ምን ተለወጠ? ዲስኩን አወጣነው። ሌላ የተለወጠ ነገር አለ? አለ እንጂ፣ ከርነሉ! አዲሱ ከርነል ከተጫነ ወዲህ የተነሳው ዛሬ ገና ነው። ካርዱን የሚያውቀው ሞጁል ከአሮጌው ከርነል ጋር የተሠራ ነው፤ አዲሱ ፎራውን ቢጣራ ቢጣራ የሚመልስለት የለም። አጠፋሁት፣ ሺፍቷን ያዝኩ፣ ከምርጫዎቹ ታች ያለውን አሮጌውን ከርነል መረጥኩ። ጽሑፉ ሲያልፍ ከንፈሬ እያንዳንዱን መስመር ያነብ ነበር። ፕሮግራሙ ተከፈተ። አረንጓዴ መብራት በራ።

ጋሽዬን አስገቧቸው። እኛ ከመከለያው ኋላ ቆምን። ፎቶው ስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች ሲመጣ ሁሴን እጄን ጨምድዶ ይዞኝ ነበር። ዶክተር ሰላማዊት ጠጋ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ዳሌያቸው ደህና ነው» አለች። «የጭኑ አንገት ነው። ዛሬ ይሄዳሉ።»

ጉልኮስ ተደርጎላቸው፣ እግራቸው ታስሮ፣ አምቡላንስ ውስጥ ሲገቡ እኔም ቦርሳዬን ይዤ ልወጣ አንድ እግሬን አነሳሁ። ጋሽ ጉዮ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። ማሽኑ ለዛሬ ተነሳ እንጂ አልዳነም፤ ነገ መብራት ሲሄድ እንደገና እዚያው ነው፤ ነገ የሚመጣው በሽተኛ እንደኔ ሰው የለውም አሉኝ። ለመንኳቸው። ልጃቸው አብሯቸው እንዳለ፣ ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ከማልቀስ በቀር የማደርገው እንደሌለ ነገሩኝ። ተናደድኩ፣ እውነት ስለሆነ ይበልጥ ተናደድኩ። መኪናው ወጣ፣ እኔ ወደ ራጅ ክፍሉ ተመለስኩ።

ማሽኑ ቤቱን በተራ ቁጥር መፈለጉን ትቶ በዲስኩ በራሱ ስም እንዲፈልግ ጻፍኩለት፤ እያንዳንዱ ዲስክ ሲዘጋጅ የሚሰጠው ሌላ ማንም የማይጋራው ረጅም ስም አለው። አሮጌውን ከርነል ቀዳሚ አደረግሁት። ያቺን ዝም አሰኚ ቃል ለዘለዓለም አነሳኋት። መብራት ሲመለስም ሰው ሳይከፍተው እንዲነሳ አደረግሁት። የሁሴንን ዲስክ መልሼ ሰካሁት። ከዚያ ሁሴንን አጥፋው አልኩት። አይሆንም አለ። አጥፋው ብያለሁ! ዓይኑን ጨፍኖ አጠፋው። ተነሳ። ደግመን አጠፋነው፣ ዲስኩን ነቅለን፣ ሰክተን፣ ገመዱን ድንገት ስበን። ሁልጊዜ ተነሳ። ሁሴን በመጨረሻው ላይ ዓይኑን ከፍቶ አጠፋው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከሰዓት መብራት ሄደ፤ ባትሪውም ደክሞ ማሽኑ አብሮ ጠፋ። አንዲት እናት ከግመል የወደቀች ልጇን ታቅፋ ራጅ ክፍሉ በር ላይ ነበረች። መብራት ሲመለስ እኔ ሌላ ሕንፃ ጣራ ላይ ነበርኩ፤ እየሮጥኩ ስደርስ ልጅቷ ፎቶ ተነስታ፣ ክንዷ እየታሰረ ነው። ማሽኑን የነካው ሰው አልነበረም። ኮሪደሩ ውስጥ ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ ስልኬ ጮኸ፤ ከሐዋሳ የጋሽ ጉዮ ልጅ ነው። ቀዶ ጥገናው በሰላም አልቋል፣ አባባ ያናግርሽ አለኝ።

ድምፃቸው ቀጭን ነበር። መብራት ጠፍቶ ያውቃል ወይ አሉኝ። አሁን ጠፍቶ መጣ አልኳቸው። ማን አስነሳው አሉኝ። ማንም፣ ራሱ ተነሳ አልኳቸው። እሰይ አሉ። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ቀን የያዝኩት እንባ መጣ፤ ግድግዳውን ይዤ፣ ተጎንብሼ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ሁሴን ከክፍሉ ሲወጣ ስልክ ይዤ ሳለቅስ አየኝ። አንድ ቃል አልጠየቀም። «ጋሽ ጉዮዬ!» ብሎ ራሱን ይዞ ጮኸ። ነርሶቹ ወጡ፣ ዘበኛው መጣ፣ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ገባች። ግቢው ባንዴ ለቅሶ ቤት ሆነ። እኔ አይደለም ልላቸው እሞክራለሁ፣ ሳቄና እንባዬ ተደባልቆ ቃል አይወጣኝም፤ እነሱም ኀዘን ያሳበዳት መስሏቸው ይበልጥ ያለቅሳሉ።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉኝ ጋሽ ጉዮ በስልኩ።

«አንቱ ነዎት፣ ጋሽዬ።»

ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ለጥፈው እንደሚሰሙ አውቄያለሁ።

«ደህና አድርገው ነው የሚያለቅሱት?»

«በጣም እንጂ!»

«እንግዲያው አልሞተም በያቸው» አሉኝ፤ «ግን ቶሎ አትንገሪያቸው።»